ዋሱ ስንት ነው? የመኪና ስርቆት፣ የዋስትናና የታዳጊዎች ሕግ በዋሽንግተን ዲሲ

ልጅ በተሰረቀ መኪና ውስጥ ተይዞ ታሰረ የሚል ስልክ ሲደወል፣ የእኛ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ዋሱ ስንት ነው?» ብሎ ነው። አገር ቤት የለመድነው ይኸው ነው። ታሳሪው ፍርድ ቤት ይቀርባል፣ ዳኛው የገንዘብ መጠን ይጠራል፣ ዘመድ አዝማድ ተሯሩጦ ያሟላል። ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ግን ይህ ጥያቄ በአብዛኛው መልስ የለውም። የሚከፈል ነገር ስለሌለ በጎፈንድሚ የተሰበሰበ ገንዘብ ልጁን አያስፈታውም። በሌላ ወገን መኪናው የተወሰደበት የኡበር ሹፌር «ያዙት፣ በማግስቱ ለቀቁት» ብሎ ሲያዝን፣ የተለቀቀው በምን ሕግ እንደሆነ የሚነግረው ሰው አያገኝም።

ከ2023 ወዲህ ይህ ሕግ ብዙ ጊዜ ተነካክቷል፤ ኮንግረስ ውስጥም ገና ያላለቁ ረቂቆች አሉ። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። የምጽፈው ዲሲን፣ ሜሪላንድንና ቨርጂኒያን ይዤ ነው፤ ታክሲና ኡበር የሚነዳው፣ ዶርዳሽ የሚያደርሰው፣ ልጆቹንም እዚሁ የሚያሳድገው ወገናችን ከሦስቱ ሕጎች ጋር በአንድ ቀን ውስጥ ሊጋጠም ይችላልና።

አንድ መኪና፣ ሦስት ክስ

«መኪናዬን ወሰዱብኝ» የሚለው አንድ አባባል ዲሲ ውስጥ ሦስት የተለያዩ ክሶች ሊሆን ይችላል። ዋስትናውም፣ ታዳጊው የሚቀርብበት ችሎትም የሚወሰነው ከሦስቱ በየትኛው እንደተከሰሰ ነው።

የመጀመሪያው ካርጃኪንግ ነው፤ መኪናን ከባለቤቱ ወይም ከሹፌሩ እጅ በኃይል፣ በማስፈራራት ወይም በድንገት ነጥቆ መውሰድ። የጦር መሣሪያ ከሌለበት ቅጣቱ ከ7 እስከ 21 ዓመት ነው። መሣሪያ ካለበት ከ15 እስከ 40 ዓመት ነው። 7 እና 15 የተባሉት ወለል ናቸው፤ ኋላ የምናየው የወጣት ጥፋተኞች ልዩ ሕግ ካልፈቀደለት በቀር ዳኛው አዝኖ ከዚያ በታች መውረድ አይችልም። ሁለተኛው ያለፈቃድ መኪና መጠቀም ይባላል፤ ጣሪያው 5 ዓመት ነው። ሦስተኛው ስርቆት ሲሆን ንብረቱ 1,000 ዶላርና ከዚያ በላይ ካወጣ እስከ 10 ዓመት ያስቀጣል።

በተግባር የስርቆቱ ክስ ብዙ አይመጣም። መኪናው ሌሊት ከደጅ ሲነሳ ያየ ሰው ስለማይኖር፣ ፖሊስ የሚይዘው ከሦስት ቀን በኋላ መሪው ላይ የተገኘውን ነው፤ እርሱ ይስረቀው ሌላ ሰው ይስረቀው አይታወቅም። ስለዚህ ክሱ ወደ ሁለተኛው ይወርዳል። ይህ ክስ አጠገብ የተቀመጠንም ሰው ይነካል። ተሳፋሪው መኪናው የሰው መሆኑን ካወቀና መውረድ እየቻለ አብሮ ከሄደ ሊጠየቅ ይችላል። «እኔ አልነዳሁም» የሚለው መከላከያ ብቻውን በቂ እንዳልሆነ ወላጆች ለልጆቻቸው አስቀድመው ቢነግሩ መልካም ነው።

በካርጃኪንግና በተራ ስርቆት መካከል ያለውን መስመር የሚያሰምረው ርቀት ነው። ሹፌሩ ምግብ ሊያደርስ ሦስተኛ ፎቅ ወጥቶ ሳለ፣ ሞተሩ እንደበራ የተተወው መኪና ቢወሰድ ካርጃኪንግ አይደለም፤ ከእጁ አልተነጠቀምና። ነዳጅ ማደያ ላይ ከመኪናው አጠገብ ቆሞ ሳለ ገፍትረውት ቢወስዱ ግን ካርጃኪንግ ነው። በአንደኛው ተከሳሹ በማግስቱ ቤቱ ይገባል፤ በሌላው 7 ዓመት ከፊቱ ይቆማል።

ዋስትናው እንዴት ይሠራል

ዲሲ የገንዘብ ዋስትናን በተግባር የተወው በ1992 ነው። ሕጉ ገንዘብ ማስያዝን ጨርሶ አልሰረዘም፤ ነገር ግን በሁለት ገመድ አሰረው። ዳኛው «ይህ ሰው ለሕዝብ ያሰጋል» ብሎ ገንዘብ መጠየቅ አይችልም፤ ገንዘብ የሚጠየቀው ተከሳሹ በቀጠሮው እንዲቀርብ ብቻ ነው። የሚጠየቀውም መጠን ተከሳሹ መክፈል ስላቃተው ብቻ እስር ቤት የሚያስቀረው መሆን የለበትም። ከዚያ በኋላ ዳኛው ፊት ሁለት በር ቀረ፤ በቅድመ ሁኔታ መልቀቅ፣ ወይም ያለምንም ዋስትና ማሰር።

አዋቂ ተከሳሽ መጀመሪያ የሚቀርበው በሱፒሪየር ኮርት ሲ-10 በሚባለው ክፍል ነው። ክሱ ከአመጽ ወንጀሎች ከሆነ ወይም ሕጉ «አደገኛ» ብሎ ከዘረዘራቸው ከሆነ ዐቃቤ ሕግ ይታሰርልኝ ብሎ ይጠይቃል። ለመዘጋጀት ዐቃቤ ሕግ እስከ 3 ቀን፣ ተከሳሽ እስከ 5 ቀን ማስቀጠር ይችላሉ፤ እስከዚያ ሰውየው እስር ላይ ነው። ዳኛው የሚያስረው በግልጽና አሳማኝ ማስረጃ ማንኛውም ቅድመ ሁኔታ ሕዝቡን እንደማይጠብቅ ሲያምን ነው። ከታሰረ ሰዓቱ መቁጠር ይጀምራል፤ በ90 ቀን ውስጥ በግራንድ ጁሪ (ለክስ የሚበቃ ማስረጃ መኖሩን በሚመዝን የዜጎች ቡድን) ክስ ሊመሠረትበት፣ በ100 ቀን ውስጥም ሊዳኝ ይገባል። የተለቀቀው ደግሞ ፕሪትራያል ሰርቪስስ በሚባለው የፌዴራል መሥሪያ ቤት ክትትል ሥር ይውላል፤ በስልክ ሪፖርት ማድረግ፣ የዕፅ ምርመራ፣ ከተበዳዩ መራቅ፣ ከበድ ሲል የእግር ጂፒኤስና የሰዓት እላፊ።

በጁላይ 2023 የከተማው ምክር ቤት በአስቸኳይ ሕግ ይህን አጠበቀው። ከዚያ በፊት «መታሰር አለበት» የሚለው የሕግ ግምት በዋናነት የሚሠራው መሣሪያ ለያዘ ተከሳሽ ነበር፤ አዲሱ ሕግ መሣሪያ የሌለባቸውንም የአመጽ ወንጀሎች አስገባ። በማርች 2024 የጸደቀው ሴኪዩር ዲሲ የተባለው ትልቅ ሕግም ይህንኑ መንገድ ተከተለ። ካርጃኪንግ ከአመጽ ወንጀሎች አንዱ ስለሆነ፣ ዛሬ በካርጃኪንግ የተከሰሰ አዋቂ ሸክሙ በእርሱ ላይ ሆኖ ነው ዳኛ ፊት የሚቆመው።

ያለፈቃድ መኪና መጠቀም ግን የአመጽ ወንጀል አይደለም። ብዙው ሰው የሚቆጣበት ጉድለት ያለው እዚህ ላይ ነው። ሌሊት መኪናችሁን ከደጅ ወስዶ፣ መሪውን ሰብሮ፣ በማግስቱ የተያዘ ሰው፣ ሌላ ጉዳይ ከሌለበት በዚያው ቀን መውጣቱ አይቀርም። ከዚህ ውጪ ያለው መንገድ አንድ ነው፤ በሌላ ክስ በዋስትና ላይ ወይም በአመክሮ ላይ ከነበረ ዳኛው እስከ 5 የሥራ ቀን ሊያቆየው፣ የቀድሞው ጉዳይ ያለበት ዳኛም የሰጠውን መለቀቅ ሊሽር ይችላል። ስለዚህ ከዐቃቤ ሕግ ቢሮ የተበዳይ ረዳት ሲደውልላችሁ መጀመሪያ የምትጠይቁት «ይህ ሰው ሌላ ክስ አለበት ወይ? የዚያ ጉዳይ ዳኛ ተነግሮታል ወይ?» ብላችሁ ይሁን። ሁለት መዝገቦች ሳይተያዩ ማለፍ የታወቀ ችግር ነው።

ዋስትናን ማጥበቅ ይጠቅማል ወይ ለሚለው ቁርጥ ያለ አስተያየት አለኝ፤ የሚጠቅመው ክሱ መጀመሪያ ሲመሠረት ነው። በ2022 የበጀት ዓመት የፌዴራሉ ዐቃቤ ሕግ ቢሮ ፖሊስ ከያዛቸው አዋቂዎች 67 በመቶ ያህሉን ሳይከስ ትቷቸዋል፤ በዓመቱ ወደ 56 በመቶ ወርዷል። አንዱ ምክንያት የከተማው የፎረንሲክ ላቦራቶሪ በ2021 የብቃት ዕውቅናውን አጥቶ እስከ ዲሴምበር 2023 ድረስ ሳያስመልስ መቆየቱ ነው። የጣት አሻራና ዲኤንኤ ወደ ውጪ ላቦራቶሪ ተልኮ ወረፋ ሲጠብቅ፣ የመኪና ስርቆት ከግድያና ከተኩስ ኋላ ነው የሚሰለፈው። ያልተከሰሰ ሰው ላይ የዋስትና ሕግ አይሠራም። በ2023 በከተማው ከ950 በላይ ካርጃኪንግ ተመዝግቦ ነበር፤ ከቀደመው ዓመት እጥፍ ገደማ ማለት ነው፤ ከሦስት አራተኛው ገደማ ጠመንጃ ነበረበት። በ2024 ቁጥሩ ወደ ግማሽ ተመለሰ። ሁሉም ወገን ድሉን ለራሱ ሕግ ይሰጣል፤ እኔ ግን ላቦራቶሪው መመለሱንና የሚከሰሰው ቁጥር መጨመሩን አስበልጣለሁ።

ታዳጊው ሲያዝ

በካርጃኪንግ ከሚያዙት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ከ18 ዓመት በታች ስለነበሩ የክርክሩ ሁሉ እሳት እዚህ ላይ ነው።

በዲሲ አዋቂውን በከባድ ወንጀል የሚከሰው ፕሬዚዳንቱ የሚሾመው የፌዴራል ዐቃቤ ሕግ ነው። ታዳጊውን የሚከሰው ግን የከተማው ሕዝብ የሚመርጠው የዲሲ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ነው፤ ጉዳዩም በቤተሰብ ችሎት ይታያል። የተያዘ ልጅ ከእሑድ በቀር በማግስቱ ዳኛ ፊት መቅረብ አለበት። ችሎቱ ዝግ ነው፤ ጁሪ የለም፤ ፍርዱ «ጥፋተኛ» ሳይሆን «ተሳትፏል» ይባላል። ውጤቱ አመክሮ ወይም ለወጣቶች ማረሚያ መሥሪያ ቤት መሰጠት ነው፤ ቢበዛ 21 ዓመት እስኪሞላው። እስኪዳኝ ከታሰረ ጉዳዩ በ30 ቀን፣ ለአንዳንድ ከባድ ክሶች በ45 ቀን መሰማት አለበት። እዚህ የገንዘብ ዋስትና ጭራሽ አይነሳም። ዳኛው የሚጠይቀው ልጁ ሌላውን ወይም ራሱን ይጎዳል ወይ፣ በቀጠሮው ይቀርባል ወይ ብሎ ነው። ስለዚህ ወላጅ ፍርድ ቤት ይዞት መምጣት ያለበት ገንዘብ ሳይሆን ዕቅድ ነው። ከትምህርት ቤት የመገኘት መዝገብ፣ ከሰዓት በኋላ ማን እንደሚጠብቀው፣ ከጓደኞቹ አካባቢ የሚርቅበት የአጎት ወይም የአክስት ቤት አድራሻ። ወላጅ ሥራ ላይ ሆኖ ሳይቀርብ ሲቀር ልጁ ወደ ቤት የሚሄድበት ምክንያት ይሳሳል፤ የሌሊት ፈረቃ የሚሠሩ ወላጆች ባሉበት ቤት ይህ በጣም የሚያሳስብ ነው።

16 እና 17 ዓመት የሞላቸው ግን ሌላ በር አለባቸው። ሕጉ አምስት ዓይነት ክሶችን ይዘረዝራል፤ ግድያ፣ አንደኛ ደረጃ አስገድዶ መድፈር፣ አንደኛ ደረጃ ቤት ሰብሮ መግባት፣ በመሣሪያ የተደገፈ ዘረፋ፣ ከእነዚህ አንዱን ለመፈጸም ታስቦ የተደረገ ጥቃት። የፌዴራሉ ዐቃቤ ሕግ ከእነዚህ በአንዱ ከከሰሰው ልጁ ያለ ዳኛ ፈቃድ በቀጥታ ወደ አዋቂ ፍርድ ቤት ይገባል። ካርጃኪንግ የሚለው ቃል ዝርዝሩ ውስጥ አልተጻፈም። በጠመንጃ የተደረገ ካርጃኪንግ የሚገባው በመሣሪያ ዘረፋነቱ ነው፤ ያለ መሣሪያ ከሆነ ግን የ17 ዓመቱም ልጅ በቤተሰብ ችሎት ይቀራል። አንድ የተበዳይ ቃል «ጠመንጃ አይቻለሁ» ወይም «ያለው መሰለኝ» ማለቱ ልጁን ከአንዱ ሕንፃ ወደ ሌላው ያዘዋውረዋል። 15 ዓመት የሞላው ደግሞ በከባድ ወንጀል ሲከሰስ የዲሲ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ዳኛውን ጠይቆ ሊያዛውረው ይችላል፤ እዚህ ግን ዳኛው አመዛዝኖ ነው የሚወስነው።

እንግዲህ የኮንግረሱ ረቂቅ የሚነካው ይህን ዕድሜ ነው። በሴፕቴምበር 2025 የተወካዮች ምክር ቤት በተወሰኑ ከባድ ወንጀሎች እንደ አዋቂ የመዳኘትን ዕድሜ ወደ 14 የሚያወርድ ረቂቅ አጽድቋል። በዚያው ቀን ያለፈው ሌላ ረቂቅ ደግሞ ዳኛው ለወጣት ጥፋተኛ ቅጣት እንዲያቀል የሚፈቅደውን ልዩ ሕግ ይነካል፤ ዛሬ እስከ 24 ዓመት ያሉትን ይሸፍናል፣ ረቂቁ ከ18 ዓመት በታች ላሉት ብቻ ይተወዋል። በኖቬምበር 2025 ያለፈው ሦስተኛው፣ በአመጽ ወንጀል የተከሰሰ እስኪዳኝ እንዲታሰር ያስገድዳል፤ ለሌሎች የተዘረዘሩ ወንጀሎችም የገንዘብ ዋስትናን ግዴታ ያደርጋል። ሕግ ለመሆን ሴኔቱን ማለፍና የፕሬዚዳንቱን ፊርማ ማግኘት አለባቸው። ኮንግረስ የዲሲን ሕግ መሻር መቻሉ ለወሬ የሚባል አይደለም፤ የካርጃኪንግን ጣሪያ ከ40 ወደ 24 ዓመት ሊያወርድ የነበረውን የከተማውን አዲስ የወንጀል ሕግ በማርች 2023 ሽሮታል።

የገንዘብ ዋስትናው ክፍል ለካርጃኪንግ ምንም የሚጨምር አይመስለኝም። ዛሬ አደገኛ የተባለው ሰው ያለ ዋጋ ነው የሚታሰረው፤ ገንዘብ ሲገባበት ዋጋ ተተመነለት ማለት ነው፣ ያለው ይከፍልና ይወጣል። የዕድሜው ጉዳይ ግን ለእኛ ማኅበረሰብ ሌሎች ከሚያዩት በላይ ከባድ ነው፤ ምክንያቱ በወንጀል ሕጉ ውስጥ የለም።

ግሪን ካርዱ

በኢሚግሬሽን ሕግ ዓይን የታዳጊ ችሎት ውሳኔ የወንጀል ፍርድ ተብሎ አይቆጠርም። የኢሚግሬሽን ይግባኝ ቦርድ ይህን ከ2000 ጀምሮ ይዞታል። በአዋቂ ፍርድ ቤት የተፈረደበት የ16 ዓመት ልጅ ግን እንደ ማንኛውም አዋቂ የወንጀል ፍርድ አለበት። የስርቆት ወይም የአመጽ ወንጀል ሆኖ የተፈረደው እስር 1 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆነ ደግሞ በኢሚግሬሽን ሕግ «የተባባሰ ከባድ ወንጀል» ይባላል፤ ግሪን ካርድ ያለውንም ሰው ከአገር ያስወጣል፣ አብዛኛውን የምሕረት መንገድም ይዘጋል። የካርጃኪንግ ወለል 7 ዓመት ነው። ዕድሜው ወደ 14 ቢወርድ፣ በሦስት ዓመቱ መጥቶ አማርኛ ማንበብ የማይችል ልጅ በ14 ዓመቱ በሠራው ጥፋት ወደማያውቀው አገር የሚመለስበት በር ይከፈታል ማለት ነው። ያጠፋ ልጅ መጠየቅ አለበት፤ ይህ ግን ሌላው ጓደኛው የማይቀበለው ተጨማሪ ቅጣት ነው።

ይህን የሚከላከል አንድ ነገር በወላጆች እጅ አለ። ከ18 ዓመት በታች የሆነ፣ ግሪን ካርድ ያለው፣ ዜጋ ከሆነ አባቱ ወይም እናቱ ጋር በሕጋዊ አሳዳጊነታቸው ሥር አሜሪካ የሚኖር ልጅ፣ ወላጁ ዜግነት ባገኘበት ቅጽበት በራሱ ዜጋ ይሆናል። ቃለ መሐላ አይጠበቅበትም። ሁለቱም ወላጆች ዜጋ መሆን የለባቸውም፤ አንዱ ይበቃል። ወረቀቱን የምታወጡት በፓስፖርት ወይም ኤን-600 በሚባለው ቅጽ ነው። ዜግነቱን ለማመልከት «ልጆቹ ሲያድጉ አብረን እናደርገዋለን» የሚሉ ወላጆች ልጁ 18 ከሞላው በኋላ ይህን መንገድ ያጡታል።

ሌላው በጃንዋሪ 2025 የተፈረመው የሌከን ራይሊ ሕግ ነው። ያለ ፈቃድ ወይም ያለ ተቀባይነት ያለው ቪዛ የገባ ሰው በስርቆት ሲያዝ ወይም ሲከሰስ፣ ገና ሳይፈረድበት፣ የኢሚግሬሽን ባለሥልጣን የግድ እንዲያስረው ያዛል። የዲሲ ዳኛ «ሂድ» ቢለውም ኢሚግሬሽን ያለ ዋስትና ሊይዘው ይችላል። በደቡብ ድንበር ገብተው ጥገኝነት ለሚጠብቁ ልጆቻችን የተውሶ መኪና መንዳት፣ ባለቤቱን ሳያውቁ አብሮ መሳፈር ትልቅ አደጋ የሚሆነው በዚህ ነው። ለእንዲህ ያለ ሰው የወንጀል ጠበቃው ከማንኛውም ድርድር በፊት ከኢሚግሬሽን ጠበቃ ጋር መነጋገር አለበት።

ድንበሩን ሲሻገር

ከሲልቨር ስፕሪንግ ወደ ዲሲ መግባት አንድ መንገድ መሻገር ነው፤ ሕጉ ግን ይለወጣል። ሜሪላንድ ውስጥ ካርጃኪንግ እስከ 30 ዓመት ያስቀጣል፤ 16 ዓመት የሞላው ልጅ፣ መሣሪያ ኖረም አልኖረም፣ ክሱ የሚጀምረው በአዋቂ ፍርድ ቤት ነው፤ ዳኛው ወደ ታዳጊ ችሎት ሊመልሰው ይችላል። በ2024 የወጣ ሕግ ደግሞ መኪና ሰርቋል የተባለ ከ13 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ክትትል የሚያስፈልገው ተብሎ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ አድርጓል። የገንዘብ ዋስትና እዚያ አለ፤ ከ2017 ወዲህ ግን ዳኞች ተከሳሹ ሊከፍለው የማይችለውን መጠን እንዳይጥሉ ታዘዋል። ቨርጂኒያ ከሁሉም ትከብዳለች፤ የካርጃኪንግ ቅጣት ከ15 ዓመት ተነስቶ እስከ ዕድሜ ልክ ይደርሳል።

አገር ቤት በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ ከ9 ዓመት በታች ያለ ልጅ አይጠየቅም፣ ከ9 እስከ 15 ያለው በልዩ እርምጃ ይታያል። ወላጆች ይህን ይዘው «ልጅ እኮ ነው» ብለው ልጁ ብቻውን ለፖሊስ ቃል እንዲሰጥ ይተዉታል። አይተውት። ጠበቃ እስኪመጣ ስሙንና የወላጁን ስልክ ብቻ ይናገር።

መኪናው ሲወሰድ

መሣሪያ ከተደገነባችሁ ቁልፉን ስጡና ራቁ። ስልካችሁ ኪስ ውስጥ ካለ ወዲያው 911፤ ለታርጋና ለቀለም ከመቸኮላችሁ በፊት የት እንዳላችሁ ተናገሩ። የዲሲ መሥሪያ ቤቶች ከ2004 ጀምሮ በቋንቋ ተደራሽነት ሕግ ይገዛሉ፤ አማርኛም ሰነድ ከሚተረጎምባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። «አማሪክ ኢንተርፕሪተር» ብላችሁ ጠይቁ። የ10 ዓመት ልጃችሁን አታስተርጉሙ፤ «ገፈተረኝ» እና «ነካኝ»፣ «ጠመንጃ» እና «የጠመንጃ ቅርጽ ያለው ነገር» በልጅ አፍ ይደባለቃሉ፣ ከላይ እንዳየነው ደግሞ ክሱ የሚቆመው በእነዚህ ቃላት ላይ ነው። ያላያችሁትን አትጨምሩ። ጠመንጃ ሳታዩ አየሁ ብላችሁ ካሜራው ሌላ ካሳየ እውነተኛው ክፍልም አብሮ ይወድቃል።

ፖሊሱ የሚሰጣችሁ ቁጥር ሲሲኤን ይባላል፤ ፎቶ አንሱት። የቪን ቁጥሩን፣ የመኪናውን ልዩ ምልክት፣ ውስጡ የቀረውን ስልክ፣ ኤርታግ (ቦታ ጠቋሚ መሣሪያ) ካለ የሚያሳየውን ቦታ ስጡ። ፖሊስ ብዙም ሳይቆይ የተጠረጠረ ሰው ይዞ ሊያሳያችሁ ይችላል፤ እርግጠኛ ካልሆናችሁ «ልብሱን አውቀዋለሁ፣ ፊቱን አላውቀውም» ማለት ይቻላል፣ እንዲያውም የተሻለ ማስረጃ ነው።

መኪናው ከደጅ ተወስዶ ሲገኝ ደግሞ ጥንቃቄው ሌላ ነው። ያለፈቃድ መጠቀም በሚለው ክስ ዐቃቤ ሕግ ማሳየት ያለበት ነጂው መኪናው የሰው መሆኑን ማወቁን ነው። የተሰበረ የመሪ ሽፋንና የተነቀለ የቁልፍ ማስገቢያ ለዚህ ዋናው ማስረጃ ነው፤ በዩኤስቢ ገመድ ጫፍ የተነሳን መኪና የነዳ ሰው «ጓደኛዬ አዋሰኝ» ማለት አይችልም። ስለዚህ መካኒክ ከመንካቱ በፊት ከአምስት ከስድስት አቅጣጫ ፎቶ አንሱ፤ የተሰበረውን ዕቃ በከረጢት አስቀምጡ። ቁልፉ ውስጥ ተትቶ የተወሰደ መኪና ግን ይህ ምልክት የለውም፤ ክሱ ብዙ ጊዜ የሚላላው በዚህ ነው። ለአንድ ደቂቃ ምግብ ማድረስም ቢሆን ቁልፉን ይዞ መውረድ የሚገባው ለመኪናው ብቻ ብሎ አይደለም፤ ለክሱም ነው።

በዩኤስቢ የሚነሱት በዋናነት ከ2011 እስከ 2022 የተሠሩ፣ በሚዞር ቁልፍ የሚነሱ ኪያና ሃዩንዳይ ናቸው፤ ሞተሩን የሚቆልፈው ኢሞቢላይዘር የላቸውም። በ2023 የወጣው ነፃ ሶፍትዌር ማንቂያውን ከ30 ሰከንድ ወደ 1 ደቂቃ ያረዝማል፣ ቁልፉ ሳይገባም ሞተሩ እንዳይነሳ ያደርጋል። የሚሠራው ግን በሪሞቱ ከቆለፋችሁ ነው፤ በሩን በእጅ ገፍታችሁ ከሄዳችሁ አይነቃም። የመሪ ብረቱን ጨምሩበት።

ዳሽካም ካላችሁ ካርዱን አውጡና ኦሪጂናሉን አስቀምጡ፤ ለፖሊስ ቅጂ ስጡ። ድምፅ የሚቀዳ ከሆነ አንድ ነገር ልብ በሉ። ዲሲና ቨርጂኒያ የአንዱ ተነጋጋሪ ፈቃድ ይበቃቸዋል፤ ሜሪላንድ የሁሉንም ትጠይቃለች። ተሳፋሪ ጭኖ ወደ ሜሪላንድ የሚሻገር ሹፌር ማሳወቂያ መለጠፍ ወይም ድምፁን ማጥፋት አለበት፤ አለዚያ ራሱ ተከሳሽ ሊሆን ይችላል።

ኢንሹራንስ ላይ ሰው የሚወድቅባቸው ሁለት ቦታዎች አሉ። የግል ኢንሹራንሳችሁ ኮምፕሪሄንሲቭ ከሌለው ስርቆትን አይሸፍንም፤ ቢኖረውም የራይድሼር ተጨማሪ ካልገዛችሁ ሥራ ላይ ሳለ የተወሰደውን ሊክድ ይችላል። የኡበርና የሊፍቱ ሽፋን የሚሠራው ጥሪ ተቀብላችሁ ወይም ተሳፋሪ ጭናችሁ ሳለ ነው፤ እሱም የግላችሁ ኮምፕሪሄንሲቭ ካለ ብቻ፣ 2,500 ዶላር ዲዳክቲብል (ከራሳችሁ ኪስ የሚወጣውን ድርሻ) ከፍላችሁ። ጉዳት ለደረሰበት ሰው ሱፒሪየር ኮርት ውስጥ ያለው የተጎጂዎች ካሳ ፕሮግራም ሕክምናን፣ የሥነ ልቦና ምክርንና የቀረ ደመወዝን እስከ 25,000 ዶላር ይሸፍናል፤ መኪናውን ግን አይሸፍንም። ማመልከቻው በ1 ዓመት ውስጥ መግባት አለበት። በመሣሪያ የተጠቃና ከፖሊስ ጋር የተባበረ፣ ወረቀት የሌለው ሰው ደግሞ ለወንጀል ተጎጂዎች የሚሰጠውን ዩ ቪዛ ሊጠይቅ ይችል እንደሆነ ጠበቃ ያማክር፤ ፖሊስ ወይም ዐቃቤ ሕግ የሚፈርመው ማረጋገጫ ፊርማው ከተደረገ ከ6 ወር በላይ ከቆየ ስለማያገለግል ከማመልከቻው ጋር በጊዜው መሄድ አለበት።

መኪናችሁን በኤርታግ ወይም በጎረቤት ጥቆማ ራሳችሁ ብታገኙት አትንዱት። በፖሊስ መዝገብ ላይ ገና የተሰረቀ ተብሎ ተጽፎ ነው ያለው፤ ታርጋ አንባቢ ካሜራ ሲያየው የሚመጡት መሣሪያ መዘው ነው። በሲሲኤን ቁጥሩ ደውሉ፤ ፖሊስ መጥቶ አሻራ ያንሳ፣ ከመዝገቡም ይሰርዘው። መሰረዙን ከፖሊሱ አፍ ከሰማችሁ በኋላ ሞተሩን አስነሱ።